በእፍኝ ጨው የተገዛው ልጅ

ጦይባ ልጇን «ልጄ» ብላ ጠርታው አታውቅም። አጥብታዋለች፣ አዝላዋለች፣ ትኩሳት በያዘው ጊዜ ከጎኑ ሳትነቃነቅ ሰንብታለች፤ ሰው ሲጠይቃት ግን መልሷ አንድ ነው፦ «የደብሪቱ ነው።» ጠያቂው የአገሩን ወግ የሚያውቅ ከሆነ ገብቶት ዝም ይላል። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ «ቁርጥ አንቺን ነው እኮ የሚመስለው» ይላታል። እሷም «አዬ፣ ይሄን ፉንጋ ከኔ ጋር አታመሳስሉብኝ» ብላ ታልፋለች፤ ልቧ ግን ያን ቀን በደስታ ሲዘል ይውላል።

ከእሱ በፊት ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። ሐኪሞቹ ለእያንዳንዱ ሞት ረጅም ስም ያለው ምክንያት ሰጥተዋታል። ምክንያቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ልጆቹ ግን አልተመለሱም። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሦስቱንም ገና ከእጇ ሲገቡ «ልጄ» ብላቸዋለች።

አራተኛውን የወለደች ቀን ታዲያ የእናቶቿን ዘዴ ያዘች። ሕፃኑ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ በማማው ሃያኛ ፎቅ ላይ፣ ቆሻሻ ወደ ታች ከሚለቀቅበት መስኮት ሥር ተቀመጠ። የፊት ለፊት ጎረቤቷ ደብሪቱ እንደ ድንገት ስታልፍ አገኘችውና በሩን አንኳኳች።

«ይሄን ወድቆ ያገኘሁትን ነገር ማነው የጣለው?»

«እኔ ነኝ። አልፈልገውም» አለች ጦይባ፣ ወተቷ ቀሚሷን እያራሰው።

«እንግዲያው ሽጭልኝ።»

«ውሰጅው። ምን ይሠራልኛል።»

እፍኝ ጨው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ልጁም ጣለው ተባለ። ሞት የሚቋምጠው የተወደደ ነገር ነው። የቆሻሻ መስኮት ሥር የተጣለን፣ በእፍኝ ጨው የተሸጠን፣ ያውም ሙስሊም ቤት ተወልዶ ክርስቲያን የገዛውን ልጅ ከየትኛው ደጃፍ ቆሞ፣ ማን ብሎ ይጥራው?

ጣለው አደገ። የፊት ጥርሱ እስኪወልቅ ደረሰ። ደብሪቱን «እማዬ»፣ ጦይባን «እትዬ» ይላል። የሚበላውም የሚተኛውም እትዬ ዘንድ ነው፤ እማዬ ዘንድ የሚሄደው ለተረትና ለስኳር ነው። አባቱ ሌላ አግብቶ ሄዷል፤ ስለ እሱ የሚጻፍ ነገር የለም።

በቦርከና ወንዝ ዳር የተደረደሩት ማማዎች ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ጆሮ አላቸው። ከበሩ በላይ የተለጠፈ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል፣ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ነገር ነው። ማን እንደለጠፈው ማንም አያስታውስም። መዋሸት አያስፈልግም፤ ጆሮው ከመጣ ወዲህ ዱላ ቀንሷል፣ የራበው ልጅ አልቅሶ ሳይጨርስ እህል ከደጁ ይደርሳል። ሰውም ለመደው። ሃያኛው ፎቅ ላይ ልጅ መቆጣት የፈለገች እናት ቁጣዋን በእሹሩሩ ዜማ ታወጣዋለች፤ «እጅህን ሳልሰብረው፣ እሹሩሩ፣ ከድስቱ ራቅ፣ እሹሩሩ፣ የማን ባለጌ ነህ።» ጆሮው ዜማውን ይወዳል ይባላል። እንግዳ ሰው በአሳንሰሩ ሲወጣ የልደት ግብዣ ያለ ይመስለዋል።

ለጦይባ ግን ጆሮው የተባለውን ብቻ ሳይሆን ያልተባለውንም እንደሚያጠራቅም የነገራት የለም።

የክሱ ወረቀት የመጣው አንድ ማለዳ ከሥራ ስትመለስ ነው። ሥራዋ ከከተማው በላይ ባለው ገደል ላይ የተዘረጉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች ማጠብ ነው፤ ሳይግሉ መታጠብ ስላለባቸው የሚታጠቡት በንጋት ነው። እጇ ገና እርጥብ ነበር። የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ጨዋ ሴቶች ደጇ ላይ ቆመዋል። ጣለው የሚወደውን ጠርዙ ያረረ ዳቦ ይዘውለት መጥተዋል፤ ያረረውን እንደሚወድ ያውቃሉ። የክሱ ርዕስ «የተካደ ሕፃን» ይላል። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ልጁ የሕፃናት ማረፊያ ቤት ይቆያል፤ ጦይባ እናትነቷን ካላረጋገጠች ሌላ ከተማ ላለ፣ ልጅ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይሰጣል።

«እትዬ፣ ትመጫለሽ?» አለ ጣለው፣ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ። «እማዬም ትምጣ።»

አንደኛዋ ሴት ሌላዋን አየቻት። ያም ተመዘገበ።

ድሮ ድሃ እናት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ዳኛ ፊት ብቻዋን ነበር የምትቆመው። ጠበቃ የሚባለው፣ ቢገኝም፣ ስሟን እዚያው በር ላይ ነው የሚጠይቃት። ዛሬ ያ ነውር ቀርቷል። ልጁ በሄደ በዚያው ሰዓት የጦይባ ነገረፈጅ ቤቷ ውስጥ በጆሮው በኩል ይናገር ነበር። ሰፈሩ ነገረፈጅን «አፌ» ይለዋል፤ ባለጉዳዩን ተክቶ ስለሚናገር። እንቅልፍ የለውም፣ አይሰለችም፣ ሌላ ደንበኛ አለብኝ አይልም። ድምፁ የወሎ ሽማግሌ ድምፅ ነው፤ መሐል መሐል ላይ ሳል እንኳ ጣል ያደርግበታል።

«ስሜ ብዙ ነው፣ እዚህ አፌ ይሉኛል» አለ። «እንዴት ብዬ ልጥራሽ?»

«እንደ ሰው።»

«እሺ፣ እህቴ ጦይባ። ጉዳዩ ቀላል ነው። አበላሉ፣ አለባበሱ፣ ሕክምናው፣ ሁሉም ካንቺ ጎን ነው። በዚህ ፎቅ ላይ እንዳንቺ ልጅ የያዘ ሰው የለም። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ዳኛዋ የማን ልጅ ነው ስትልሽ፣ የኔ ነው ትያለሽ። በቃ።»

«አልልም።»

«ለምን እንደማትዪ አውቃለሁ።»

ማወቁንስ ያውቃል። ከራያ እስከ መንዝ ልጅ እንዴት እንደሚጣልና እንደሚገዛ ተረከላት። የት በጨው፣ የት በማሽላ፣ የት በአሮጌ መርፌ እንደሚሸጥ ዘረዘረላት። አንዳንዱን አያቷም አልሰማችውም። ጦይባ እያዳመጠች ሰውነቷ ላላ፤ ልጁ ከተወሰደ ወዲህ ነገሯ የገባው ሰው ያገኘች መሰላት።

«ይሄን ሁሉ ካወቅህ ምን ትጠይቀኛለህ ታዲያ?»

«ጉዳይሽን የሚያየው ጉባኤ ልማድ ያከብራል፣ እህቴ። የሚያከብረው ግን መዝግቦ ነው። የእናትነት ቃል ካልተሰማ ሳይሞላ የሚቀር ባዶ ቦታ አለ።»

«አንተ አፌ አይደለህ?»

«ነኝ።»

«በል እንግዲያው ዝም በልልኝ።»

አፌ ሳቀ። የሚስቅ ዓይነት ነው። «ያለ ፈቃድሽ የሚጎዳሽን ቃል አልናገርም» አላት። ጦይባም ይህችን ቃል እንደ ገመድ ያዘቻት።

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሰባ ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ መኪኖቹ ገና በሰው ይነዱ በነበረበት ጊዜ የሚኒባስ ረዳት ነበረች፤ በር ላይ ተንጠልጥላ የተሳደበችውን ያህል ማንም ቁጭ ብሎ አልተሳደበም ትላለች። ጆሮው ሥር ቆማ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አንተ ባለሳል። ልጁን ለኔ ስጡኝ። ገዝቼዋለሁ።»

«እማማ ደብሪቱ፣ ዕድሜዎ ከሕጉ አልፏል። ደግሞ 'ገዛሁ' የሚለውን ቃል ጉባኤው ፊት እንዳይደግሙት አደራ። ልጅ መግዛት ሌላ ክስ ነው።»

«በእፍኝ ጨው?»

«ሕጉ ስለ ጨው መጠን የሚለው የለም።»

«የከሳሾቹ ጠበቃስ ማነው?»

«ሌላ ነው።»

«ካንተ ይለያል?»

አፌ ሳል ጣል አደረገ። «ያደግነው አንድ ቤት ነው። ሥራችን ግን ለየቅል ነው።»

«ተናገራ። ሁለት አፍ፣ አንድ ጉሮሮ» አለች ደብሪቱና ወደ ጦይባ ዞረች። «ለውጭው ይሄን። ጠበቃ መለወጥ መብት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

መብት ነበር። ጦይባ ለወጠችው። ሁለተኛው ወዲያው መጣ። «ስሜ ብዙ ነው፣ እዚህ አፌ ይሉኛል» አለ። ሳሉ ያው ነበር።

ማረፊያ ቤቱ ደሴ ነው፤ ንጹሕና ሰፊ ነው፣ ልጆች የሚንሸራተቱበት ጉብታ አለው። ጦይባ ልትጠይቀው ስትገባ ሞግዚቷ «ጣለው፣ እናትህ መጣች» ብላ ጠራችው። ልጁ እየሮጠ መጣና ከጦይባ ጀርባ ደብሪቱን ፈለገ። ሞግዚቷ ጎንበስ ብላ፣ በለሰለሰ እጅ፣ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ጦይባ መለሰችው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ልጁ ወደ ኋላዋ አላየም። አፉን ከፈተና «እት...» ብሎ ተወው። በሦስተኛው ላይ የወለቀው ጥርሱ ቦታ አዲስ ብቅ ብሎ ነበር፤ ያን እያሳያት ምንም ሳይጠራት ዋለ። ወዴት እያደረሱት እንደሆነ ገባት። ልትነግረው ፈለገች። ግን ምን ብላ?

የጉባኤው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ትንሽ ነው። ዳኛዋ ሰው ናት፤ ሕጉ አንድ ሰው እንዲኖር ስለሚያዝ። ፀጉሯ ሸበት ያለ፣ ድካም ያለባት ሴት። የሁለቱ ነገረፈጆች ክርክር ዳኛዋ መነጽሯን አውጥታ እስክታደርግ አለቀ፤ ከክርክሩ ለሰው ጆሮ የደረሰው ንብ ጠርሙስ ውስጥ ስትገባ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው። ደብሪቱ ከኋላ ወንበር ላይ «ተጣሉ ወይስ ተሳሳሙ?» አለች። የሳቀ የለም።

ዳኛዋ ሰነዱን አየችና ጦይባን አየች። ክፉ ዓይን አልነበራትም።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ ሁሉም ተመዝኗል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ልጁ የማን ነው?»

ጦይባ ቃሉን ልትለው አስባ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትለማመደው አድራለች፤ በድምፅ ሳይሆን በከንፈር፣ ጆሮው እንዳይሰማት። ካላለች ልጁ ላያት ወደማይመለስበት ይሄዳል። ግን በሕይወት ይሄዳል። ካለች ደግሞ ከእሷ ጋር ይሆናል፤ እንደ ሦስቱ። ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ብትቆምም ሚዛኑ አንድም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ምላሷ ግን የለመደውን ያውቃል።

«የደብሪቱ ነው» አለች።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። እጇ ወደ ውሳኔው ሄደ።

«ክብርት ዳኛ» አለ አፌ። «ደንበኛዬ በልማድ ምክንያት ዛሬ የማትናገረውን ቃል፣ ቀድሞ ራሷ ከተናገረችበት ላሰማ።»

«አፌ፣ ዝም በል» አለች ጦይባ።

«ይሄ አይጎዳሽም፣ እህቴ» አላት፤ ለእሷ ብቻ በሚሰማ፣ በሚያባብል ድምፅ።

ያለፈው ዓመት ክረምት፣ መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ በፎቆች መሐል የቆመበት ቀን ነበር። ጣለው ብቻውን ውስጡ ነበረ። ጦይባ ያን ቀን በሩን በጥፍሯ ስትቧጥጥ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ጥፍሯ ተነቅሎ ነበርና። ምን እንዳለች ግን አታስታውስም። አሁን አዳራሹ ውስጥ ጆሮው ያጠራቀመው ድምፅዋ ተለቀቀ፤ የራሷ፣ ግን ሰምታው የማታውቀው ድምፅ።

«ልጄን! ልጄን አውጡልኝ! የሰው ያለህ፣ የኔ ልጅ ነው! የኔ ነው!»

ግድግዳው መለሰው። ደብሪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ዳኛዋ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። ከከሳሹም ወገን ተቃውሞ አልመጣም፤ የሁለቱ ነገረፈጆች ጉሮሮ እንዲህ ባለው ላይ አይጣላም። ልጁ ለእናቱ እንዲመለስ ተወሰነ። ታሪክ ነው ተባለ። ዋስትና የሌላት የሰሌዳ አጣቢ፣ አንድ ሳንቲም ሳትከፍል፣ ልጇን ከመንግሥት እጅ አስመለሰች። እንዲህ ዓይነት ነገር ለአያቶቻችን ቢነገራቸው ተረት ነው ይሉ ነበር።

«አሸነፍን» አላት አፌ።

«ማንን?»

አፌ ወደሚቀጥለው ነገር ሄደ። «አንዲት ቀላል ግዴታ ብቻ ናት ያለችው። ለአንድ ዓመት ክትትል ይኖራል። ጆሮው ትስስሩን ያያል። 'ልጄ' እንድትዪው፣ 'እማዬ' እንዲልሽ፣ ሲልሽም እንድትመልሺለት ነው።»

«በቀን ስንቴ?»

«ቁጥር የለውም፣ እህቴ። ከልብ ይሁን።»

«ያሰማኸው ይሰረዝልኝ።»

«ይሰረዛል። መብትሽ ነው። ከተሰረዘ ግን ውሳኔውም አብሮ ይሰረዛል፤ ልጁም...»

«ተወው።»

«ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ?»

ጦይባ መለስ ብላ በነጠላዋ የተሸፈነችውን ደብሪቱን አነሳቻትና ወጡ። ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ደብሪቱ ክንዷን ቆንጠጥ አደረገቻት።

«ጦይብዬ፣ ስሚኝ። እንደገና እገዛዋለሁ። ሲመጣ ደጅ ላይ እጠብቀዋለሁ። ያኔ ሞት ምን ሰምቶ ምን እንዳልሰማ ግራ ይገባዋል፤ ግራ ማጋባት ነው እንጂ ሌላ ምን አለን።»

«ጆሮውስ?»

«ቤት ውስጥ ማን አለሽ? ሜዳ ወርደን፣ ወንዙ ዳር። ጨውም አዲስ ነው የምይዘው፤ ያረጀ ጨው አይሠራም።»

ጦይባ ያን ምሽት ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። ደብሪቱ ስትመጣ ምን እንደምትል፣ እሷ ምን እንደምትመልስ በሹክሹክታ አወጉት። ደብሪቱ ቃሎቹን አሳመረቻቸው፤ በዚህ ዕድሜዋ የበለጠ ስድብ እንደምታውቅ፣ ልጁን ሞት ዞር ብሎ እንዳያየው አድርጋ እንደምታዋርደው ማለች። ሳቁ። ልጁ ቢሰማ የሚያለቅስበት ስድብ ነበር፤ ለእነሱ ግን ዱዓም ጸሎትም እሱ ነበር።

ልጁን ያመጡት እነዚያው ሁለቱ ጨዋ ሴቶች ናቸው። ደብሪቱ በደጃፏ፣ ጦይባ በደጃፏ ቆመው አሳንሰሩን ይጠብቃሉ። የደብሪቱ ቀኝ እጅ በነጠላዋ ሥር ተጨብጧል። በሩ ተከፈተ። ጣለው አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ፀጉሩ ተቆርጧል፣ ወፈር ብሏል። አንገቱ ላይ ማረፊያ ቤቱ ያሰረለት፣ ክታብ የሚመስል ያማረ ነገር ተንጠልጥሏል። ክታቡ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አለ።

«ውሃ አያበላሸውም» አለች አንደኛዋ ሴት ፈገግ ብላ። «የትም ቢሄድ አብሮት ነው። ከእናንተ የሚፈለግ ነገር የለም።»

ደብሪቱ ነጥቡን አየችው። ሥርዓቱ ያለ ቃል አይሆንም፤ ሞት መስማት አለበት። ሞት የሚሰማውን ደግሞ ጆሮውም ይሰማዋል። ወንዝ ዳርም ያው ነው፣ ሜዳም ያው ነው። ጭብጧን አልፈታችም። ጨው በላብ ሲርስ እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ያውቃል።

«እማዬ!» አለ ጣለው።

ይህ ቃል በዚያ መተላለፊያ ስድስት ዓመት የኖረው በደብሪቱ ደጃፍ ነው። የደብሪቱ አፍ ሳታዝዘው «ወ...» አለ፤ በጥርሷ ያዘችው። ልጁ ግን ወደ እሷ አላየም። ፊቱ፣ ለስላሳ እጅ አገጩን ይዞ እንዳስተማረው፣ ወደ ጦይባ ነበር። ለሁለቱም ያዘነ ይመስል ትንሽ ቆመ። ከዚያ አሁንም፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚጠይቅ ሰው፦

«እማዬ?»

ልጁን ያመጡት ሁለቱ ሴቶች ይጠብቃሉ። አንገቱ ላይ ያለው ነጥብ ይጠብቃል። ከበሩ በላይ ያለው ነጥብም ይጠብቃል። ጦይባ ይህን ቃል ልጁ መናገር ከጀመረ ጀምሮ በጎረቤት በር በኩል ስትሰማው፣ ዕቃ የምታጥብ መስላ፣ ውሃውን ዘግታ ታዳምጠው ነበር።

«ወዬ» አለች። ነጥቡ አልጠፋም። የሚቀረው ነገር ነበረ።

«ወዬ፣ ልጄ።»

ልጁ ሮጦ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠመ። ሴቶቹ ተያይተው ፈገግ አሉና በአሳንሰሩ ወረዱ። ደብሪቱ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ቀስ ብላ፣ የታመመ ሰው ያለበትን ቤት በር እንደሚዘጉት።

ጦይባ እጇን ግንባሩ ላይ አኖረች። አይግልም ነበር። ደህና ነው። እንደገና ነካችው። ደህና ነው። «ምነው እማዬ?» አላት፣ «ምንም» አለችው፣ «ልጄ» አለችው፤ እጇን ግን ከግንባሩ አላነሳችም።